ያገለገለ የሮቦት ኪት ሲገዙ፦ ከፕላስቲኩ በፊት መሰኪያውን ይዩ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ያገለገለ የሌጎ ኢቪ3 ኪት አግኝቻለሁ። ሻጩ ‹ጥቂት ቁራጮች ይጎድሉታል፣ አንዱ ሞተርም አንዳንዴ አይዞርም› ይላል። ልግዛው ወይስ አዲሱን ትውልድ ልፈልግ? የጎደለው በነጠላ ይገኛል? ከሌጎ ጋር ይገጥማሉ የሚባሉት የሌሎች ፋብሪካዎች ቁራጮችስ ያስተማምናሉ?»

ሻጩ የነገረዎት ሁለት ጉድለቶች እኩል አይደሉም። የፕላስቲኩን ጉድለት ከቁም ነገር አይቁጠሩት፣ የሞተሩን ግን ይመርምሩት። የአንድ ኪት ዋጋ ያለው ኮንትሮለሩ (የሮቦቱ አንጎል የሆነው ሣጥን)፣ ሞተሮቹና ሴንሰሮቹ ላይ ነው። ፒን (ማያያዣው)፣ ማርሽና አክስል (ዘንጉ) ዛሬም ነገም በነጠላ ይገኛል። ማምረቱ የቆመ ሴንሰር ግን ከዓመት ዓመት እያነሰ ይሄዳል። ብዙ ገዢ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ፕላስቲኩን አንድ በአንድ ይቆጥርና ኮንትሮለሩን ሳያበራ ይገዛል።

መጀመሪያ የሚገዙት የየትኛው ትውልድ እንደሆነ ይወቁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ትውልዱን የሚነግርዎት የገመዱ መሰኪያ ነው፤ በካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ያሳስታል። የ1998ቱ አርሲኤክስ ቢጫ ኮንትሮለር ነው፤ የገመዱ ጫፍ ባለ2 በ2 ጡብ ሆኖ እንደ ማንኛውም ጡብ ከላይ ይጣበቃል። ፕሮግራም የሚጫንለት ከኮምፒውተር ጋር በሚያያዝ የኢንፍራሬድ ማማ (መላኪያ) ብቻ ስለሆነ ማማው የሌለው አርሲኤክስ ለመደርደሪያ ካልሆነ ለሥራ አይሆንም። በዚያ ላይ የዚያ ዘመን ገመዶች ልባሳቸው እየተፈረፈረ ባዶ ሽቦ ያወጣሉ። የ2006ቱ ኤንኤክስቲ እና የ2013ቱ ኢቪ3 የቤት ስልክ ገመድ የሚመስል ባለ6 ሽቦ መሰኪያ አላቸው፤ ልዩነቱ መያዣ ምላሱ መሐል ላይ ሳይሆን ወደ ጎን መሆኑ ነው። በ2020 የወጡት ስፓይክ ፕራይም እና ሮቦት ኢንቬንተር ደግሞ ጠፍጣፋ፣ አራት ማዕዘን ጥቁር መሰኪያ ይጠቀማሉ፤ ቀድሞ የወጡት ዊዶ 2.0 (2016) እና ቡስት (2017) መሰኪያም ያው ነው።

በእነዚህ ሦስት ቤተሰቦች መካከል ፕላስቲኩ ይገጥማል፤ ኤሌክትሮኒክሱ አይገጥምም። ቴክኒክ የሚባሉት የሌጎ ባለቀዳዳ ቁራጮች በ1977 ከወጡ ጀምሮ የሁለት ቀዳዳዎች ርቀት 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የድሮውን ቢም (ባለቀዳዳ አሞሌ) ከዛሬው ፒን ጋር ያለ ሐሳብ ያገጥሙታል። የኢቪ3 ሞተር ግን ስፓይክ ላይ አይሰካም። በኤንኤክስቲና በኢቪ3 መካከል ያለው ነገር ደግሞ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ሞተሮቹ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራሉ። የኤንኤክስቲ መንኪያ (ሲነካ የሚያውቀው) እና አልትራሳውንድ (ርቀትን በድምፅ የሚለካው) ሴንሰሮች ኢቪ3 ላይ ይሠራሉ። የኢቪ3 የቀለም፣ የጋይሮ (መዞርን የሚለካው)፣ የአልትራሳውንድና የኢንፍራሬድ ሴንሰሮች ግን ኤንኤክስቲ ላይ አይነበቡም። ስለዚህ ኢቪ3 ላለው ሰው የተጣለ ኤንኤክስቲ ኪት ጥሩ የሞተር ምንጭ ነው፤ ኤንኤክስቲ ላለው ግን የኢቪ3 ሴንሰር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ኢቪ3 ራሱ ሁለት መልክ አለው፤ ሻጩ ካልነገረዎት በቁጥሩ ይጠይቁ። 31313 የቤቱ ነው፣ 601 ቁራጭ። 45544 የትምህርት ቤቱ ነው፣ 541 ቁራጭ። ሁለቱም ሁለት ትልልቅና አንድ መካከለኛ ሞተር አላቸው። በቤቱ ውስጥ አንድ መንኪያ፣ አንድ የቀለምና አንድ የኢንፍራሬድ ሴንሰር ከሪሞቱ ጋር ይገኛል። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሁለት መንኪያ፣ አንድ የቀለም፣ አንድ የጋይሮ፣ አንድ የአልትራሳውንድ ሴንሰርና ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ አለ። ጎማቸውም ይለያያል። የትምህርት ቤቱ ጎማ ዲያሜትሩ 56 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በአንድ ዙር 176 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የቤቱ 43.2 ሚሊ ሜትር ሆኖ የሚሄደው 136 ያህል ብቻ ነው። ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ ሲጫን ሮቦቱ ሳይደርስ የሚቆመው ወይም አልፎ የሚሄደው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም።

አሁን ወደ ምርመራው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን አራት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ የባትሪው ክፍል ተከፍቶ የተነሣ ፎቶ። ባትሪ ድንጋይ ውስጡ ቀርቶ ፈስሶ ከሆነ በስፕሪንጎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ይታያል። ጥቂት ከሆነ በሆምጣጤ የረጠበ ጥጥ ያነሣዋል፤ ከዚያ በአልኮል ይጠረጋል። ብረቱ ተበልቶ ካለቀ ግን ይተውት። ሁለተኛ፣ ኮንትሮለሩ በርቶ ስክሪኑ የሚታይበት ፎቶ። ኢቪ3 ለመነሣት ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ በቁልፎቹ ዙሪያ ያለው መብራት መጀመሪያ ቀይ ነው፣ ሲዘጋጅ አረንጓዴ ይሆናል። ኤንኤክስቲ ከሆነ ስክሪኑ እየደበዘዘ የሚጠፋ የታወቀ ሕመም ስላለበት ፎቶው ከፊት ለፊት በቀጥታ የተነሣ ይሁን። ሦስተኛ፣ ቻርጅ የሚደረገው ባትሪ በጠረጴዛ ላይ በጀርባው ተኝቶ። ከተወዛወዘ አብጧል ማለት ነው። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ አይጠገንም፣ አይበሳም፣ ቻርጅም አይደረግም። አራተኛ፣ እያንዳንዱ ሞተርና ሴንሰር በየተራ ተሰክቶ ንባቡን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ። ኢቪ3 ለዚህ የሚሆን የፖርት (የገመድ መሰኪያ ቀዳዳ) ማሳያ በራሱ ሜኑ ውስጥ አለው፤ ኮምፒውተርም ፕሮግራምም አያስፈልግም። ይህን ለማድረግ ሁለት ደቂቃ የማይሰጥ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለ ብለው ቢጠረጥሩ ኃጢአት አይሆንብዎትም።

«አንዳንዴ አይዞርም» ስለተባለው ሞተር፦ ከሞተሩ በፊት ገመዱን ይጠርጥሩ። ሮቦት ሲገጣጠምና ሲፈታ የሚጎበጠው፣ በማርሽ ተይዞ የሚጎተተው ገመዱ ነው፤ የሞተሩ አካል ብዙ ይችላል። የሚሠራውን ሞተር ገመድ ነቅለው በዚያው ፖርት ላይ ከታመመው ጋር ይሞክሩት። ከዞረ ነገሩ አለቀ። ካልዞረ ፖርቱን ይቀይሩ። ሁለቱም ካልረዱ ስድስቱ ሽቦዎች ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ይጠቅማል። ነጩና ጥቁሩ ለሞተሩ ጉልበት ይወስዳሉ። ቀዩ መሬት ነው፤ አረንጓዴው በሞተሩ ውስጥ ላለው የዙር ቆጣሪ ኤሌክትሪክ ያቀርባል። ቢጫውና ሰማያዊው ሞተሩ ስንት ዲግሪ እንደዞረ ወደ ኮንትሮለሩ ይመልሳሉ። እንግዲህ የፖርት ማሳያውን ከፍተው ሞተሩን በእጅዎ ሲያዞሩት ቁጥሩ ከተቀየረ፣ በትእዛዝ ግን ካልዞረ፣ ችግሩ በነጩ ወይም በጥቁሩ መስመር ላይ ነው። በትእዛዝ እየዞረ ቁጥሩ ባለበት ከቆመ ደግሞ ከቀሩት አራቱ አንዱ ተበጥሷል። ቆጣሪው የሞተበት ሞተር «ሁለት ዙር ዙር» ሲባል ዙሩ መሙላቱን ስለማያውቅ ያለማቋረጥ ይሮጣል፤ ብዙ ሰው የፕሮግራም ስሕተት የሚመስለው ይህ ነው።

ገመዱ ከጠፋ ወይም ከተበላሸ ጥቅሉ በ45514 ቁጥር ይፈለጋል፤ በውስጡ አራት ባለ25፣ ሁለት ባለ35 እና አንድ ባለ50 ሴንቲ ሜትር ገመዶች ይገኛሉ። ተራ የስልክ ገመድ ምላሱን በሞረድ አንስተው ቢያስገቡት ይሰካል፤ ግን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ሮቦቱ ሲንቀጠቀጥ ይወጣል። ጫፉ ደህና የሆነ አሮጌ ገመድ ካለዎት የሚሻለው ከመሐሉ ቆርጦ በሌላ ባለ6 ሽቦ ገመድ ማስረዘም ነው። ሽቦው ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ቀለም ከቀለም ይበየዳል፣ አይሻገርም። ከመሰካትዎ በፊት እያንዳንዱን በቴስተር ይለኩት፤ ነጩ ከአረንጓዴው ጋር ቢነካካ የሚጎዳው ኮንትሮለሩ ነው።

በስፓይክ ቤተሰብ ይህ ሁሉ ይቀየራል። ገመዱ ከሞተሩና ከሴንሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ አይነቀልም፤ ገመዱ ከተቆረጠ ብየዳ ካልቻሉ ሞተሩም አብሮ ሄደ። ያገለገለ ስፓይክ ሲገዙ ገመዱ ከሞተሩ አካል በሚወጣበት ቦታ ላይ የተሰነጠቀ ነገር መኖሩን ይዩ።

ልግዛው ወይስ አዲስ ልፈልግ ለሚለው፦ ኮንትሮለሩ ጤነኛ ከሆነ ኢቪ3ን ለመግዛት አያመንቱ። የትምህርት ቤቱ ኢቪ3 ከገበያ የወጣው በ2021 ነው፤ ኢቪ3 የተሸጠበት ማይንድስቶርምስ የሚለው ስም ራሱ በ2022 መጨረሻ ቆሟል። ግን መሣሪያው በውስጡ ሊኑክስ የሚሮጥበት ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ የፋብሪካው ሶፍትዌር ቢቀር በዴቢያን ላይ የተመሠረተው ኢቪ3ዴቭ በማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ ተጭኖ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ያሠራዋል። ካርዱ ከ32 ጊጋባይት አይበልጥ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ኮንትሮለሩ አይቀበልም። ካርዱን ሲያወጡ የፋብሪካው ሥርዓት እንደ ነበረ ይመለሳል፤ ስለዚህ መሞከር አደጋ የለውም። የኢቪ3 ሌላው ጥቅም ባትሪው ቢሞት በ6 ተራ ኤኤ ድንጋዮች መሥራቱ ነው።

ስፓይክ ፕራይም እና ሮቦት ኢንቬንተር ግን በድንጋይ አይሠሩም። የሚነሡት በራሳቸው ባትሪ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ 45610 ነው። «ባትሪ የሌለው ኮንትሮለር» ብሎ በርካሽ የሚሸጥ ካጋጠመዎት መጀመሪያ ባትሪውን ለብቻው ማግኘት መቻልዎን ያረጋግጡ። ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ሲላክ ጥብቅ ደንብ ስላለው ብዙ ሻጮች ወደ ሌላ አገር አይልኩትም። ይህን ካለፉ ስፓይክ ጥሩ ምርጫ ነው። ስድስቱም ፖርቶች ሞተርም ሴንሰርም ይቀበላሉ፤ ጋይሮው በኮንትሮለሩ ውስጥ ተሠርቷል። ከሁለቱ የቱን ልግዛ ለሚሉ ደግሞ፣ ቢጫ ነጩ ስፓይክ ፕራይም እና ሰማያዊ አረንጓዴው ሮቦት ኢንቬንተር ኮንትሮለራቸው በውስጡ አንድ ነው። የስፓይኩ ኪት (45678) 528 ቁራጭ፣ ሦስት ሞተርና ሦስት ሴንሰር አለው፤ የኢንቬንተሩ (51515) 949 ቁራጭ፣ አራት ሞተርና ሁለት ሴንሰር። ለትንንሽ ልጆች የተሠራው ስፓይክ ኢሴንሻል ሁለት ፖርት ብቻ ስላለው ከእጅ ሥራ አልፈው መሄድ ለሚፈልጉ ቶሎ ያልቅባቸዋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አማራጭ የቴክኒክ ሀብ የሚባለው 88012 ነው። ለመጫወቻ መኪናዎች የተሠራ ቢሆንም አራት ፖርት፣ በውስጡ ጋይሮ፣ በዚያም ላይ በ6 ኤኤ ድንጋይ የሚሠራ ነው። ፓይብሪክስ የሚባለውን ነፃ ፈርምዌር (የኮንትሮለሩን የውስጥ ፕሮግራም) ሲጭኑበት በፓይተን ይታዘዛል፤ የስፓይክ፣ የቡስትና የዊዶ 2.0 ሞተሮችንም ያንቀሳቅሳል። ይህ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር ነው፤ መሰኪያው መግጠሙ ብቻ በቂ አይደለም። የፋብሪካው መተግበሪያ የራሱን ኪት ክፍሎች እንጂ የጎረቤት ኪት ክፍሎችን ሁሉ አያውቅም፤ ፓይብሪክስ ግን አብዛኞቹን ያውቃል። ራስበሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ያለው ሰው ደግሞ በ2021 የወጣው ቢልድ ሃት የሚባል ቦርድ አራት እንዲህ ያሉ መሰኪያዎች ስላሉት ኮንትሮለር ሳይገዛ ሞተሮቹን ብቻ ሰብስቦ መጀመር ይችላል።

ወደ ፕላስቲኩ እንመለስ። የጎደለውን ለመለየት ኪቱን በሥዕል አይገምቱ፤ በቁጥር ይሥሩ። ሪብሪካብል የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የኪቱን ቁጥር ሲያስገቡ ዝርዝሩ በቅርጽ፣ በቀለምና በብዛት ይወጣል። ያለዎትን በዓይነት በዓይነቱ ደርድረው ከዝርዝሩ ጋር ያስተያዩ፤ ለኢቪ3 አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር መኖሩን ካላወቁ ይሳሳታሉ። አንዱ የቅርጹ ቁጥር ነው፤ 2780 ሲባል ባለሰበቃዋ ፒን በማንኛውም ቀለም ትሁን ያው ናት። ሌላው ቅርጹን ከነቀለሙ የሚጠራው ረጅም ቁጥር ነው፤ ጥቁሯ 2780 በሌጎ ሱቅ 4121715 ተብላ ትገኛለች። ያገለገሉ ገበያዎች በመጀመሪያው ይጠራሉ፣ የሌጎ የራሱ የነጠላ ሽያጭ በሁለተኛው። በቁራጩ ጎን የተቀረጸው ደቃቅ ቁጥር ብዙ ጊዜ የቅርጹ ቁጥር ነው፤ ግን ሻጋታ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራልና ባለ16 ጥርስ ማርሽ በድሮው 4019፣ በአዲሱ 94925 ተብሎ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ አንዱ በሌላው ቦታ ይሠራል።

ፒኖቹን በቀለማቸው ሳይሆን በሰበቃቸው ይለዩ። ጥቁሯ 2780 እና ረጅሟ ሰማያዊ 6558 አጥብቀው ይይዛሉ፤ ለአጽም ናቸው። ግራጫዋ 3673 ልል ናት፤ ለሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ናት። ግማሽ ፒን ግማሽ አክስል የሆኑትም እንዲሁ፤ ሰማያዊዋ 43093 ትይዛለች፣ ክሬሟ 3749 ትለቃለች። ጀማሪ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ግራጫዋ ስትጎድል በጥቁሯ መተካት ነው። ክንዱ ይሠራል፤ ግን ሞተሩ ዕቃ ከማንሣቱ በፊት ሰበቃውን ሲታገል ይውላል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

የሚታዘዘውን መጠን በተመለከተ፣ አንድ ሮቦት ለሚሠራ ሰው 80 ጥቁር ፒን፣ 30 ረጅም ሰማያዊ፣ 20 ግራጫ፣ 30 ሰማያዊ አክስል ፒን፣ 10 ክሬም ቢይዝ አይቸገርም። አክስሉን የሚይዙት ቡኮላዎች ቶሎ ይጠፋሉና ሙሉዋን (3713) 20፣ ግማሿን (32123) 12 ያስቡ። አክስል ባለ3 (4519)፣ ባለ4 (3705)፣ ባለ5 (32073)፣ ባለ6 (3706) እና ባለ8 (3707) ከየዓይነቱ 6 ይበቃል። ቢም ሲያዙ አጫጭሩ ላይ አይሩጡ፤ ባለ7 (32524)፣ ባለ9 (40490)፣ ባለ11 (32525) እና ባለ15 (32278) ሥራውን ይሸከማሉ። ባለ5 በ7 ክፍት አራት ማዕዘን (64179) ሁለት ካለዎት ደግሞ ሮቦቱ አይወላገድም። ከሁሉ ይልቅ ተፈልጋ የማትገኘው ባለአራት እግሯ 48989 ናት፤ ሞተርን ከሻሲ ጋር የምታስረው እሷ ስለሆነች 6 ቢሆኑ አይበዙም።

ማርሽ ሲገዙ ርቀቱን በራስዎ ማስላት ይችላሉ፤ ዝምድናው ቀላል ነው። የማርሹ ስፋት በሚሊ ሜትር ከጥርሱ ቁጥር ጋር እኩል ነው። የሁለቱን ጥርሶች ደምረው ለ2 ያካፍሉ፤ የመሐሎቻቸው ርቀት በሚሊ ሜትር ይመጣል። ያንን ለ8 ሲያካፍሉት ስንት ቀዳዳ እንደሚራራቁ ያውቃሉ። 8 እና 24፦ 16 ሚሊ ሜትር፣ ሁለት ቀዳዳ፣ በትክክል ይገጥማል። 8 እና 40፦ ሦስት ቀዳዳ። 12 እና 20፦ ሁለት። 12 እና 36፦ ሦስት። 16 እና 24 ግን ሁለት ተኩል ይሆናል፤ በቀጥተኛ ቢም ላይ ቦታ የለውም። ሰው በጉልበት አስገብቶ «ማርሹ ይንጫጫል» የሚለው እንደዚህ ዓይነቱን ነው። ጥርሱ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ባለ8ቱ (3647) ነው፤ ከባድ ጭነት ካለ ከሁለት ወገን በቢም የተያዘ አክስል ላይ ያድርጉት፣ በአንድ ወገን ብቻ ተንጠልጥሎ አይሥራ። 2.5 እና 5.0 የሚሉ ቁጥሮች የተጻፉበት ነጭ ባለ24 ጥርስ ማርሽ ካገኙ ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት፤ ጭነት ሲበዛ ሆን ብሎ የሚንሸራተት ነው፣ ሞተርን ያድናል።

የሚገኙበት ቦታ? ለአዲስ ቁራጭ የሌጎ የራሱ የነጠላ ሽያጭ አለ፤ አሁን በምርት ላይ ያለ ቅርጽና ቀለም ብቻ ነው የሚይዘው። ለቀረው ሁሉ ብሪክሊንክ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ሻጮች የሚሰበሰቡበት ገበያ ነው፤ ከ2019 ጀምሮ የሌጎ ንብረት ነው። በእሱ ላይ አንድ በአንድ አይግዙ። መጀመሪያ የፍላጎት ዝርዝር ይክፈቱ፣ ቁጥሮቹን ከነብዛታቸው ያስገቡ፣ ቀለም ግድ ካልሰጠዎት ማንኛውም ቀለም ብለው ይምረጡ፤ ዝርዝሩን በጥቂት ሻጮች የሚሸፍን ጥምረት ገበያው ራሱ ይፈልግልዎታል። ርካሿን ፒን ከአምስት ሻጭ ቢሰበስቡ የመላኪያው ዋጋ የፒኑን ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ትንሽ ውድ የሆነውን ግን ሁሉንም የያዘውን አንዱን ሻጭ ይምረጡ። አንዳንዱ ሻጭ ዝቅተኛ የግዢ መጠን አለው፣ አንዳንዱ ወደ እርስዎ አገር አይልክም፤ ቅርጫቱን ከመሙላትዎ በፊት ደንቡን ያንብቡ። ኤሌክትሮኒክሱን በቁጥሩ ይፈልጉት፦ የኢቪ3 ኮንትሮለር 45500፣ ባትሪው 45501፣ ትልቁ ሞተር 45502፣ መካከለኛው 45503፣ አልትራሳውንድ 45504፣ ጋይሮ 45505፣ ቀለም 45506፣ መንኪያ 45507። «የሮቦት ሞተር» ብሎ የሚፈልግ ሰው የማይገጥም ነገር ይዞ ይመለሳል።

ሌላው ጥሩ ምንጭ ኮንትሮለሩ የሞተበት ሙሉ ኪት ነው። ሻጩ እንደ ቆሻሻ ያየዋል፣ ለእርስዎ ግን ሦስት ሞተርና ሦስት ሴንሰር ነው። «ሞተ» የተባለውም ሁልጊዜ የሞተ አይደለም። ኤንኤክስቲ ስክሪኑ ጠፍቶ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ካሰማ ፈርምዌሩ ተሰርዟል ማለት ነው፤ በዩኤስቢ እንደገና ሲጫንበት ይነሣል። ኢቪ3 በመነሣት ላይ ከተሰቀለ የመመለሻውን፣ የመሐሉንና የግራውን ቁልፍ አንድ ላይ ይዘው ስክሪኑ ሲጠፋ የመመለሻውን ብቻ ይልቀቁ። በግራው ፈንታ የቀኙን ከያዙ ወደ ፈርምዌር መጫኛ ይገባል። ስፓይክ ደግሞ የብሉቱዝ ቁልፉ ተይዞ ዩኤስቢ ሲሰካ መብራቱ እየቀያየረ ብልጭ ካለ መዳን ይችላል። የዩኤስቢ ገመዱ ራሱ ለየትውልዱ የተለየ ነው፤ ኤንኤክስቲ ፕሪንተር ላይ የሚሰካውን አራት ማዕዘን፣ ኢቪ3 ሚኒ፣ ስፓይክ ማይክሮ።

የሌሎች ፋብሪካዎች ቁራጮችን በተመለከተ፣ የጡቡ የ1958 ፓተንት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ስለዚህ ተመሳሳዩን መሥራት ሕጋዊ ነው፣ ብዙዎችም ይሠራሉ። ቢም፣ ክፍት አራት ማዕዘንና ጎማ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይሰማም። ፒንና አክስል ላይ ግን ይሰማል። ፒኗ በጥቂቱ ከወፈረች ስትወጣ ትሰበርና ግማሿ ቀዳዳው ውስጥ ትቀራለች፤ ከቀጠነች ሮቦቱ ይላላል። የሚሞከረው እንዲህ ነው፦ ከአዲሱ ጥቅል 10 ፒን ይውሰዱ፣ በኦሪጅናል ቢም 10 ቀዳዳ ይሰኩ፣ አንድ ሌሊት ያሳድሯቸው፣ ጠዋት በእጅ ያውጡ። መቆንጠጫ የሚፈልግ ከአንድ በላይ ከሆነ ጥቅሉን ለመደርደሪያ ጌጥ እንጂ ለሮቦት አይጠቀሙበት። አክስሉን በመስታወት ላይ ያንከባልሉት፤ የሚዘል ከሆነ ጠማማ ነው። የኮፒ ሞተር ከገዙ ጥንድ አድርገው ይግዙ፤ አንድ ኮፒና አንድ ኦሪጅናል በአንድ ሻሲ ላይ ሲያስሩ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሮቦት አይጠብቁ።

በሦስት ገጽታ ማተሚያ (3ዲ ፕሪንተር) ለሚሠሩ፣ ማተሙ ለሴንሰር መያዣና ለልዩ ቅንፍ ይጠቅማል። ቀዳዳውን ከ4.9 እስከ 5.0 ሚሊ ሜትር እያደረጉ በራስዎ ማተሚያ ይሞክሩት። ፒንና አክስል ግን አይተሙ፤ በንብርብሮቹ መሐል ይቆረጣሉ። ጡብ ካልሆነ ነገር ጋር ማሰር ከፈለጉ ባለ4 ሚሊ ብሎን በቴክኒክ ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል፣ በዳዶ ይታሰራል፤ አጥብቀው አይሰሩት፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። በዚህ መንገድ ሰርቮና ሌላ ቦርድ በቀላሉ ይታከላል።

ፊሸርቴክኒክና ቬክስ አይኪው ጥሩ ኪቶች ናቸው፤ ግን የሌጎ መለዋወጫ ሆነው አያገለግሉም። የቬክስ አይኪው ቀዳዳዎች 12.7 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ የፊሸርቴክኒክ ብሎክ 15 በ15 በ30 ሚሊ ሜትር ሆኖ በጎድጓድ ይያያዛል። ያንን ቤተሰብ የመረጠ በዚያው ይቆይ።

ልጅዎ ወደ ውድድር ለመግባት የሚያስብ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት ደንቡን ይዩ። በፈርስት ሌጎ ሊግ የሮቦት ጨዋታ ላይ የሚፈቀደው በሌጎ የተሠራና ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ቁራጭ ብቻ ነው፤ የኮፒ ፒን፣ የታተመ ቅንፍ፣ የተቆረጠ ቢም አይገባም። በአንድ ጨዋታ አንድ ኮንትሮለርና እስከ አራት ሞተር ነው። ኮፒና ኦሪጅናሉን በተለያየ ሣጥን ያኑሩ፤ አንዴ ከተቀላቀሉ በውድድሩ ዋዜማ መለየት አይቻልም።

ኪቱ ሲደርስዎ ፕላስቲኩን በመረብ ከረጢት አድርገው ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ውኃና በለዘብተኛ ሳሙና ይጠቡት፤ ሞተርና ሴንሰር ውኃ አይንካቸው። ጋይሮውን ሲሞክሩ ሮቦቱ ፈጽሞ ሳይነቃነቅ ይሰኩት፤ ቁጥሩ ሮቦቱ ቆሞ ሳለ ከሮጠ ነቅለው መልሰው ይሰኩት እንጂ ተበላሽቷል ብለው አይመልሱት። ሥራ ሲያቆሙ ደግሞ ድንጋዮቹን ያውጡ።